ሾን ኦኬሲን ማን አከሰመው? የትስ፣ ስደቱ ወይስ የገዛ እልሁ?

ጎፋ ሰፈር፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። የአየርላንዱን ጸሐፌ ተውኔት የሾን ኦኬሲን ሥራዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ እያነበብኩ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ።

ሰውየው በ1880 ዳብሊን ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞቱበት። ዓይኑን ትራኮማ ስላጠቃው ትምህርት ቤት በወጉ አልዋለም፤ ንባቡን ያዳበረው በራሱ ትግል ነው። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ጉልበቱን እየሸጠ አደረ፤ ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ባቡር ሐዲድ ላይ አካፋና ዶማ ይዞ ሠራ። 43 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንድም ተውኔት መድረክ ላይ አልወጣለትም። ከዚያ በ1923 «የታጣቂው ጥላ»፣ በ1924 «ጁኖና ጣዎሱ»፣ በ1926 «ማረሻውና ከዋክብቱ»። ሦስቱም የታዩት ዳብሊን ባለው አቢ ትያትር ቤት ነው። በዚያው በ1926 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ እዚያው 38 ዓመት ኖሮ በ1964 ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ዐረፈ።

በእነዚያ 38 ዓመታት እጁ አላረፈም፤ ተውኔት በተውኔት ላይ፣ ግለ ታሪክ ብቻ ስድስት ቅጽ ጽፏል። ዛሬ ግን ስሙ ሲነሣ ሰው የሚያነሣው እነዚያኑ ሦስቱን ነው። ለምን?

የኔ ፍርድ፦ ያከሰመው ገጣሚውና የአቢ መሪ የነበረው ዊሊያም በትለር የትስ ነው። በ1928 «የብር ዋንጫው» የተባለውን ተውኔቱን ባይመልስበት ኖሮ ኦኬሲ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር፣ እንደ ሦስቱ ያሉ ሌሎች አምስት ስድስት ተውኔቶችም ይኖሩን ነበር። እናንተስ?

ዝም ባይ፦
እስከ 84 ዓመቱ ሲጽፍ የኖረ ሰው እንዴት ብሎ ነው የከሰመው? ርዕሱን ቀይረው።

ጡረተኛው መምህር፦
ጎፋ ልጄ፣ ጥያቄህ ደግ ጥያቄ ነው፤ ፍርድህ ግን ቸኩሏል። የትስን ከመስቀልህ በፊት አቢ ለዚህ ሰው ምን እንዳደረገለትም ቁጠር።

ኦኬሲ ከ1923 በፊት ለአቢ ያቀረባቸው ተውኔቶች ተራ በተራ ተመልሰውበታል። ሲመልሱበት ግን በሩን በፊቱ ዘግተው አልነበረም። ሌዲ ግሪጎሪ፣ ያቺ ትያትር ቤቱን ከየትስ ጋር ያቋቋመች እመቤት፣ አስቀምጣ አነጋገረችው። ያንተ ኃይል ሰው መቅረጽ ላይ ነው፣ እሱን ያዝ አለችው። ያን ጊዜ እሱ የሚጽፈው ሐሳብ የሚያቀነቅኑ ገጸ ባሕርያትን ነበር፤ ሠራተኛው፣ ማኅበሩ፣ ትግሉ። ምክሯን ሰማ። «የታጣቂው ጥላ» የትያትር ዘመኑ ማብቂያ ላይ ለሦስት ሌሊት ብቻ ታየ። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሳስቶ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ቦታ ያጣ ሰው ከበር ተመለሰ። ለደራሲው የደረሰው አራት ፓውንድ ገደማ ነው። በማግሥቱም ወደ ቀን ሥራው ተመለሰ። «ጁኖ» መጥታ አንድ ሳምንት አልበቃት ብሎ ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ነው አካፋውን የጣለው።

አንድ የመንገድ ሠራተኛ እንዲህ ያለ አንባቢና አራሚ በየት አገር ያገኛል? የትስ በ1928 አጠፋ ብልህም፣ በ1923 የሠራውን ማን ይክደዋል?

ሊፊ ማዶ፦
የምኖረው ዳብሊን ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። ሦስቱን ተውኔቶች የጻፈባት ክፍል ሰሜን ሰርኩላር መንገድ ቁጥር 422 ናት። ቤቱ አሁንም አለ፤ ቀና ብሎ የሚያየው መንገደኛ ግን ብዙም የለም። ሊፊ ወንዝ ላይ በስሙ የተሰየመ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶለታል፤ 2005 ላይ የተከፈተ። ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው የሚሻገሩት የባንክ ሠራተኞች ናቸው። እሱ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ እስቃለሁ።

ተውኔቶቹን ለመረዳት ግን ሄንሪየታ መንገድ ቁጥር 14 መሄድ ነው። ድሮ የመኳንንት መኖሪያ የነበረ ሰፋፊ ቤት ነው፤ በኋላ ባለቤቶቹ ለቀው ሲሄዱ አከራዮች እያንዳንዱን ሳሎን በጣውላ ከፋፍለው ለድሆች አከራዩት። አሁን ሙዚየም ነው። በ1911 ቆጠራ በዚያች አጭር መንገድ ላይ በ15 ቤቶች ውስጥ 835 ሰው ይኖር ነበር። በመላ ከተማው ደግሞ ወደ 20,000 የሚሆን ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ክፍል ነበር። ደረጃው ላይ ስትወጡ ግድግዳው በቀይና በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ታያላችሁ፤ ከላይ ደግሞ ያ የመኳንንቱ ጣሪያ ከነጌጡ። ኦኬሲ መድረኩን እንዴት እንዲሠሩለት ሲያዝዝ ይህንኑ ነው የጻፈው፤ ያለፈበት ትልቅ ቤት፣ ውስጡ የታጨቀ ሰው።

እንዲህ ባለ ቤት የግል ጉዳይ የሚባል ነገር የለም። ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። የተውኔቶቹ አሠራር ራሱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ በሩ ዝም ብሎ ይከፈትና ሰው ይገባል፣ ያወራል፣ ይበደራል፣ ይጣላል፣ ይወጣል።

ቀይ መጋረጃ፦
ሊፊ እህቴ፣ በሩን ስላነሣሽው ደስ አለኝ። እኔ ተዋናይ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር «ጁኖ»ን ጮክ ብለን አንብበናል። ቁጭ ብሎ በዓይን ማንበብና አፍ ላይ ማውጣት በጣም ይለያያል።

ለማያውቁት ታሪኩን ላሳጥረው። «ካፒቴን» ቦይል ሥራ የሚባል ነገር በተነሣ ቁጥር እግሩን የሚያመው፣ ውሎው መጠጥ ቤት የሆነ አባወራ ነው። ሚስቱ ጁኖ ናት ቤቱን የተሸከመችው። ልጃቸው ጆኒ በ1916ቱ አመፅና በእርስ በርስ ጦርነቱ ዳሌው ተጎድቶ አንድ እጁን አጥቷል፤ በዚያ ላይ አንድ ጓዱን አሳልፎ ሰጥቷል፤ የማርያም ሥዕል ሥር የምትበራውን መብራት እያየ ይንቀጠቀጣል። ሴት ልጃቸው ሜሪ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ናት። አንድ የተማረ ወጣት ይመጣና የዘመድ ውርስ ደርሷችኋል ይላቸዋል። ሁለተኛው ገቢር ላይ ቤቱ በዱቤ ዕቃ ተሞልቷል፤ አዲስ ወንበር፣ ግራሞፎን፣ ድግስ። ከዚያ ኑዛዜው በስንፍና የተጻፈ ሆነና ውርሱ ተነነ። ወጣቱ ሜሪን አስረግዟት ጠፋ። ጆኒን ወስደው ገደሉት።

መጀመሪያ ገቢር ላይ አንድ ቋሊማ አለች። ጁኖ ለባሏ ቁርስ ብላ ያስቀመጠቻት ናት። እሱ ኮርቶ አልበላም ይላል። እሷ በሩን ዘግታ እንደ ወጣች ግን ራሱ ይጠብሳታል፤ እየዘፈነ! ጓደኛው ጆክሰር ገብቶ ሲያወሩ ጁኖ ስትመለስ ጆክሰር በመስኮት ዘሎ ጣሪያው ላይ ይደበቃል። ስናነብ በሳቅ ሞተናል። ሦስተኛው ገቢር ላይ ዕቃው አንድ በአንድ ይወጣል። ልብስ ሰፊው መጥቶ ያላለቀ ክፍያ ያለበትን ሱፍ ይወስዳል፤ ጎረቤቷ ግራሞፎኑን ታቅፋ ትወጣለች፤ ጫኞች ወንበሩን ይሸከማሉ። በዚያው መሐል የጆኒ ሞት ይመጣል። ጁኖ፣ ልጇ የተገደለባት ሌላ እናት በሁለተኛው ገቢር ያለችውን ጸሎት ደግማ ትላለች፤ የድንጋዩን ልብ ወስደህ የሥጋ ልብ ስጠን የምትለዋን፣ ከሕዝቅኤል። ያኔ ግራሞፎን ሲጫወቱ ልቅሶው ጨዋታቸውን ያቋረጠባቸው መስሏቸው ነበር።

ጁኖ ሜሪን ይዛ ትሄዳለች። ጨዋታው እዚህ ላይ አያበቃም። ባዶ ክፍል ውስጥ ካፒቴኑና ጆክሰር ጥንብዝ ብለው ይገባሉ፤ ልጁ መሞቱን እንኳን አልሰማም፤ ዓለም ተናጋች እያለ ይንተባተባል። ይህን የሚያነበው ጓደኛችን ሰው ያስቅ የነበረ ልጅ ነው፤ በዚያች ትዕይንት ግን ማንም አልሳቀም። እንዲህ አድርጎ ሳቅን ከለቅሶ ላይ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ስለ እሱ ዛሬ ነው የሰማሁት። ከ1926ቱ ተውኔት ጋር ብጥብጥ ተነሥቶ ነበር ሲሉ አነበብኩ። ምን ነበር?

ጎፋ ሰፈር፦
እንኳን ደህና መጣህ። እሱን ለመምህሩ ልተውላቸው እንጂ እኔ ከገባሁበት አላበቃም። 😄

ጡረተኛው መምህር፦
እሺ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ሰውየው ራሱ ከትግሉ ጋር የነበረውን ነገር እወቁ። በ1913 የዳብሊን አሠሪዎች የጂም ላርኪንን የሠራተኛ ማኅበር ካልለቀቃችሁ ብለው ወደ 20,000 ሠራተኛ ሥራ አሳጡ። ፖሊስ ሰልፈኛውን በዱላ ደበደበ። ሠራተኛው ራሱን ለመከላከል «የአየርላንድ የዜጎች ጦር» የሚባል አቋቋመ፤ ኦኬሲ ጸሐፊው ሆነ፤ መተዳደሪያ ደንቡንም ያረቀቀው እሱ ነው። ዓመት ሳይሞላ ለቀቀ። ምክንያቱ ካውንቴስ ማርኪየቪች ነች፤ እሷ ከብሔርተኞቹ ጎራም ከሠራተኞቹም ጋር ነበረች። ከሁለቱ አንዱን ትምረጥ አለ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ተሸነፈ፤ ወጣ። ለእሱ የድሃው ጉዳይ በባንዲራው ጉዳይ እየተዋጠ ነበር። በ1916 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የፋሲካው አመፅ ሲፈነዳ አልተዋጋም።

እንግዲህ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን አመፅ መድረክ ላይ አወጣው። «ማረሻውና ከዋክብቱ» የዚያው የዜጎች ጦር ሰንደቅ ዓላማ ስም ነው። ሁለተኛው ገቢር መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። በመስኮቱ በኩል ውጭ ንግግር የሚያደርግ ሰው ጥላ ይታያል፤ ስሙ አይጠራም፤ ቃሉ ግን የአመፁ መሪ የፓትሪክ ፒርስ ነው፤ ደም መፍሰስ የሚያነጻና የሚቀድስ ነገር ነው የሚለው። ፒርስ ከአመፁ በኋላ በእንግሊዞች ተረሽኖ ሰማዕት ሆኗል። ውስጥ ደግሞ ሮዚ የምትባል ሴተኛ አዳሪ ገበያ ቀዘቀዘብኝ፣ ወንዱ ሁሉ አገር ብቻ ነው የሚያስበው ብላ ታማርራለች። ሴቶች ይሰዳደባሉ። ቀጥሎ ታጣቂዎቹ ሰንደቆቻቸውን ይዘው ገብተው ይጠጣሉ።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ የተቀመጡት የነዚያ ሰማዕታት እናቶች፣ ሚስቶችና እህቶች ናቸው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1926 ተነሡ። ጮኹ፣ ዘፈኑ፣ መድረክ ላይ ወጡ። ፍሉተር የሚባለውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ባሪ ፊትዝጀራልድ አንዱን በቡጢ አለው፤ ቀን የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ፣ ማታ ተዋናይ የሆነ ሰው ነው፤ በኋላ ሆሊውድ ሄዶ ኦስካር የተሸለመው እሱ ነው። የትስ ወጣና እንደገና ራሳችሁን አዋረዳችሁ ብሎ ሕዝቡን ገሠጸ። «እንደገና» ያለው በ1907 በጆን ሲንጅ ተውኔት ላይ የተነሣውን ረብሻ አስታውሶ ነው። ጩኸቱ ንግግሩን ውጦት ስለ ነበር አዳራሹ ውስጥ የሰማው ጥቂት ነው ይባላል፤ ሽማግሌው ግን ብልህ ነው፣ ቃሉን አስቀድሞ ለጋዜጣ አስረክቦ ነበር የመጣው።

ሊፊ ማዶ፦
መምህር፣ ሁልጊዜ ይህ ታሪክ ሲነገር ተቃዋሚዎቹ መሃይማን ይመስላሉ። ከመሪዎቻቸው አንዷ ሐና ሺሂ ስኬፊንግተን ነበረች። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታሰረች፣ የተማረች ሴት። ባሏ ፍራንሲስ ጦርነት የሚጠላ ሰው ነበር፤ በአመፁ ሳምንት ሱቅ እንዳይዘረፍ ሲለምን ከመንገድ ይዘውት አንድ የእንግሊዝ መኮንን ያለ ፍርድ አስረሸነው። እሷ ያለችው፣ ይህ «ብሔራዊ» ተብሎ የመንግሥት ገንዘብ የሚበላ ትያትር ቤት በ1916 ሰዎች ላይ ማፌዝ የለበትም ነው። አቢ በ1925 ከአዲሱ መንግሥት 850 ፓውንድ ድጎማ ተቀብሏል። ክርክሯ ባዶ አልነበረም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነሽ ልጄ፤ እኔም ልጨምርልሽ። በዚሁ ድጎማ ምክንያት መንግሥት የሾመው አንድ የቦርድ አባል ገና ከመታየቱ በፊት ተውኔቱ እንዲቆረጥ ጠይቋል፤ ሮዚ በገቢሩ መጨረሻ ላይ የምትዘፍነው ዘፈን በዚህ ቀረ። ከተዋንያንም አንዷ በተውኔቱ ውስጥ ያለ አንድ አነጋገር አልናገርም ብላ ሚናዋን ለሌላ ሰጡባት። ሮዚን የተጫወተችው ሪያ ሙኒ ተይ ቢሏትም እምቢ አለች።

ሐናና ኦኬሲ በኋላ በአደባባይ ተከራክረዋል። እሱ ዓይኑ ደካማ፣ በዚያ ላይ ሕዝብ ፊት ሲቆም የሚጨነቅ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን መሐል ላይ ዞሮበት ተቀምጧል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለንደን ገባ። የሄደው ለ«ጁኖ» የተሰጠውን የሆውቶርንደን ሽልማት ለመቀበል ነበር፤ ቀረ።

ዝም ባይ፦
ስለዚህ ጎፋ፣ የትስ ከአገር አላስወጣውም። በ1928 የተባለው ሲመጣ ሰውየው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር ለንደን ከተቀመጠ። ሚስትም አግብቷል።

ጎፋ ሰፈር፦
ሄዶ መቅረትና መመለሻ በር መዘጋት አንድ አይደለም። «የብር ዋንጫው» ምን አጠፋ? ሃሪ ሂገን የሚባል የእግር ኳስ ኮከብ አለ፤ ዋንጫውን ለቡድኑ አስገኝቶ በዚያው ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ይሄዳል። ሁለተኛው ገቢር ጦር ሜዳው ነው፤ ወታደሮቹ እንደ ሰው አያወሩም፣ እንደ ቅዳሴ እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ከኋላቸው አንድ ግዙፍ መድፍ። ከዚያ ሃሪ ሽባ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ይመለሳል፤ ፍቅረኛው ከጓደኛው ጋር ትደንሳለች። እኔ ሳነበው ትንፋሼ ተቋርጧል። የትስ ግን ለዚህ ጦርነት ልብህ አልተነካም፣ ጦር ሜዳው ላይ አልቆምክም ብሎ ጻፈለት። ሼክስፒርስ በጥንቱ የአክቲየም ጦርነት ላይ ቆሞ ነበር ወይ አለው ኦኬሲ። መልሱ ልኩ ነው!

ጡረተኛው መምህር፦
መልሱ ልኩ ነው፤ በተጨማሪም ኦኬሲ በ1915 ሆስፒታል ተኝቶ ከቆሰሉ ወታደሮች ጋር አብሮ ከርሟል። የትስ ተሳስቷል፤ እኔ ለዚህ ጠበቃ አልቆምም። ሌዲ ግሪጎሪም የተጸጸተች ይመስለኛል። ግን ኦኬሲስ ምን አደረገ? ደብዳቤዎቹን ለጋዜጣ ሰጠ። የግል መልእክት በአደባባይ ተነበበ። ተውኔቱን በጸጥታ አውጥተህ ውሰድ ቢሉት፣ አይሆንም፣ ያልተቀበላችሁት መሆኑ ይታወቅ አለ። በርናርድ ሾው ደገፈው። በ1929 ለንደን አፖሎ ትያትር ላይ ቻርለስ ላውተን ሃሪን ሆኖ ተጫወተ፤ የሁለተኛውን ገቢር መድረክ ሠዓሊው አውጉስተስ ጆን ሠራ። ትልቅ ሥራ ነበር። በ1935 ደግሞ ያው አቢ ራሱ አወጣው፤ ከየትስም ጋር ታረቁ። እንግዲህ በሩ የተዘጋው ሰባት ዓመት ነው።

የቀለበት መንገድ፦
ከዳር ሆኜ ሳነብ ቆየሁ። ሁላችሁም የማታነሡትን ላንሣው፤ ፖለቲካው። ይህ ሰው እስከ እርጅናው ድረስ ሶቪየት ኅብረትን ሲያመሰግን የኖረ ሰው ነው። በስታሊን ዘመን ስንት ጸሐፊ ካምፕ ውስጥ ሲያልቅ እሱ እንግሊዝ አገር ዴቨን ውስጥ የእሳት ዳር ተቀምጦ ነበር። በ1940 «ኮከቡ ቀላ» የሚል ተውኔት አወጣ፤ ጥሩዎቹ ሠራተኞች፣ ክፉዎቹ ካህናትና ፋሺስቶች። ሌዲ ግሪጎሪ ያስጣለችውን የድሮ አመሉን ነው መልሶ ያነሣው። ሰው መቅረጽ ትቶ ሰልፍ መቅረጽ። ያከሰመው ይኸው ነው።

ቀይ መጋረጃ፦
የቀለበት መንገድ፣ ስለ ሶቪየቱ አልከራከርህም፣ ዓይኑን ጨፍኗል። «ኮከቡ ቀላ»ንም አልወድደውም። ግን ሦስቱን ተውኔቶች የጻፈው ያው ኮሚኒስት አይደለም ወይ? በ«ማረሻው» ውስጥ ስለ ማርክስ የሚለፈልፍ «ኮቪ» የሚባል ልጅ አለ፤ ተመልካቹ ሁሉ ይስቅበታል። በእምነቱ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው ነበር።



እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ጎፋ ጆሮው ከዳብሊን ተለየ ሊል ነው፤ ብዙ ተቺዎችም እንደዚያ ይላሉ። አይመስለኝም። ግለ ታሪኮቹ የተጻፉት እንግሊዝ ነው፤ የመጀመሪያው በ1939፣ የመጨረሻው በ1954። የእናቱን ቀብር የሚተርክበትን ቦታ አንብቡ፤ ቀባሪዎቹ ገንዘባቸው ካልተከፈለ ሬሳ አናነሣም ብለው ሲቆሙ፣ እሱ ለመጽሐፉ የተሰጠውን ቼክ ለመመንዘር ሲሯሯጥ። ያ ሁሉ የሰፈሩ ንግግር ከነቅላጼው አለ። ጆሮው የትም አልሄደም።

ያጣው ትያትር ቤት ነው። እኔ በሙያዬ የማውቀው ይህን ነው። አቢ ሳለ የሚጽፈው ለባሪ ፊትዝጀራልድ፣ ለኤፍ ጄ ማኮርሚክ፣ ለሣራ ኦልጉድ ነበር። ልምምድ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ የትኛው ቃል ሰው እንደሚያስቅ፣ የትኛው አፍ ላይ እንደሚከብድ በዚያው ሳምንት ያውቃል። እንግሊዝ ከሄደ በኋላ ተውኔቶቹን መጀመሪያ በመጽሐፍ ነው የሚያወጣው፤ መድረክ ስንት ጊዜ ቆይቶ ይመጣል። «ሐምራዊው አቧራ» በ1940 ታተመ፣ የታየው በ1943 ነው። «ኩኩሉ የሚለው አውራ ዶሮ»፣ ራሱ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የ1949 ሥራው፣ መጀመሪያ የታየው ኒውካስል ውስጥ በአማተሮች ነው! ቃል ሲበዛ የሚቆርጥለት፣ ይህ አይጫወትም የሚለው ሰው አጠገቡ አልነበረም። «ዶሮውን» አንብቡትና ንገሩኝ፤ አስማተኛ ዶሮ ቤት ውስጥ ይጨፍራል፣ ካህኑ ያሳድደዋል፣ ወጣቶቹ ሴቶች አገሩን ጥለው ይሄዳሉ። ገና ጥሩ ዳይሬክተር አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

ሊፊ ማዶ፦
አየርላንድም ብትሆን አልረዳችውም። ግለ ታሪኩ የመጀመሪያው ቅጽ እንደ ወጣ እዚህ አገር በሳንሱር ታግዷል። በ1958 ደግሞ ለዳብሊን የትያትር ፌስቲቫል «የአባ ኔድ ከበሮዎች» የሚል አዲስ ተውኔት ላከ። የጄምስ ጆይስም «ዩሊሰስ» ወደ መድረክ ተቀይሮ ሊታይ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ጆን ቻርለስ ማኬይድ እነዚህ ካሉ ለፌስቲቫሉ መክፈቻ ቅዳሴ አልፈቅድም አሉ። አዘጋጆቹ ፈሩ። ኦኬሲን ተውኔትህ ይሻሻል አሉት፣ አውጥቶ ወሰደው። ሳሙኤል ቤኬትም ይህን ሲሰማ የራሱን ሥራዎች አወጣ። ፌስቲቫሉ ቀረ።

ከዚያ ሰውየው ምን አለ መሰላችሁ፤ ከእንግዲህ በአየርላንድ ምንም ሥራዬ በባለሙያ እንዳይታይ ብሎ ከለከለ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጁ ኒያል በ21 ዓመቱ በደም ካንሰር ከሞተበት ብዙም አልቆየም። ክልከላውን ያነሣው በሞተበት ዓመት፣ አቢ «ጁኖ»ንና «ማረሻው»ን ለንደን ወስዶ እንዲያሳይ ሲጠየቅ ነው።

ዝም ባይ፦
ይህን አላውቅም ነበር። እልሁ ግን እልህ ነው እናንተ።

የቀለበት መንገድ፦
እልሁ ላይ እስማማለሁ። የቀይ መጋረጃን የትያትር ቤት ነገርም እቀበላለሁ፤ «ኮከቡ ቀላ»ን ግን የትኛውም ዳይሬክተር አያድነውም።

ጎፋ ሰፈር፦
ቀይ መጋረጃ፣ ያልሽው ገብቶኛል። ግን ያን ትያትር ቤት ያሳጣው ማን ነው? ዞሮ ዞሮ የትስ ጋ ያደርሰናል። ከ1928 እስከ 1935 ያሉት ሰባት ዓመታት ናቸው እኮ፣ አንድ ሰው ከ48 እስከ 55 ዓመቱ! ባሪ ፊትዝጀራልድም በ1936 ወደ ሆሊውድ ሄደ። በሩ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች መበተን ጀመሩ።

ጡረተኛው መምህር፦
ይህኛው አባባልህ ከመጀመሪያው ይሻላል። እንዲህ ብታስቀምጠው ኖሮ ያን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ የድሮው አቢ ሕንፃ በጁላይ 1951 ተቃጠለ፤ የዚያን ማታ መድረኩ ላይ የነበረው «ማረሻውና ከዋክብቱ» ነበር። ቡድኑ ከዚያ ወደ ሌላ አዳራሽ ተሰዶ ለዓመታት ቆየ።

አዲስ ገቢ፦
እኔ የት ልጀምር? ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ የለኝም።

ቀይ መጋረጃ፦
ከ«ጁኖ»። ብቻህን አታንብበው፤ ሦስት አራት ሰው ሰብስብና ሚና ተከፋፈሉ። ከዚያ «ማረሻውን»፣ በተለይ ሦስተኛውን ገቢር፣ ተኩሱ እየተሰማ ሴቶቹ በሕፃን ጋሪ የተዘረፈ ዕቃ ሲያጓጉዙ። ከግለ ታሪኩ የመጀመሪያውን ቅጽ ጨምር። ሂችኮክ በ1930 ከ«ጁኖ» የሠራውን ፊልም አትጀምርበት፤ ካሜራው ዝም ብሎ ቆሞ ነው የሚያየው።

ሊፊ ማዶ፦
እኔም እዚያ ብኖር ኖሮ ለንባቡ እመጣ ነበር። በቪዲዮ ከሆነ ግን እገባለሁ፤ የጎረቤቷን የወይዘሮ ማዲጋንን ሚና ስጡኝ።

ቀይ መጋረጃ፦
ያንቺ ነው። ጆክሰር አልተገኘም። ዝም ባይ?

ዝም ባይ፦
ጆክሰር ብዙ ያወራል።

ቀይ መጋረጃ፦
ለዚህ ነው የጠየቅኩህ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሊንኩን በውስጥ መስመር እልካለሁ።